ያጎረስሁት ድልድይ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን የተውሁት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት የቀን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ላይ ለመፈረም ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ሻሼን ወደ አፌ እስባለሁ፤ የጠየቀኝ ሰውም መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ድልድዩን የሚያይ ኢንጅነር ይመጣል። ዘንድሮ ሲመጣ ይህን ደብተር እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የጀመርሁት። እጄ ላይ ከቀረም ቢያንስ ተጽፏል።

ድልድዩ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ቤታችን ከእሱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ትልቅ ድልድይ አይደለም። መካከሉ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር አስፋልቱን የሚቆርጥ ክፍተት አለው። ዱሮ ክፍተቱ ውስጥ ጥቁር ጎማ ነበረበት፤ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ጎማው እየተበጣጠሰ ወጣና አራት ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ቀረ። እኛ ስንጥቁ እንለው ነበር። እናቴማ በቋንቋችን በአውኚ ስታወራ የድልድዩ ቁስል ነበር የምትለው። ሰው አስቦበት የተወው ክፍተት ነው ብሎ የጠረጠረ በመንደራችን አልነበረም። አንድ ቀን ለሁለት ይከፈላል እያልን፣ በፍጥነት እየተራመድን ነበር የምንሻገረው።

የእናቴ አህያ እግሯ የተሰበረው እዚያ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ድንች ጭነን ወደ እንጅባራ እየሄድን ነበር። ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ አህያይቱ ደነገጠችና የፊት እግሯ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እናቴ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ የአህያይቱን አንገት አቅፋ ቀረች፤ መኪናው ደግሞ ጡሩምባውን አላቆመም። ያን ዓመት ሙሉ ድንቹን በጀርባችን ተሸክመን ወረድን። እናቴ ወገቧን ያመማት ከዚያ ጀምሮ ነው።

በዓመቱ ሌላ አህያ ስናገኝ ስንጥቁን እኔ ልድፈነው አልሁ። ለማንም አልተናገርሁም። መናገር ስለማልችል ብዙ ነገር ሳልናገር ነው የምሠራው።

ድልድዩ ጠባቂ ነበረው። ከድልድዩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መሬታቸውን ለልጃቸው ስለሰጡ መተዳደሪያቸው ያ ጥበቃ ብቻ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ መጥረጊያና ጫፉ የታጠፈ ፌሮ ይዘው አሸዋውን ይጠርጋሉ፣ የውሃ መውረጃውን ይከፍታሉ፣ ስንጥቁንም በፌሮው ይጎረጉራሉ። ለምን እንደሚጎረጉሩት ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

የጠባቂው አጥር በቀይ ድንጋይ የተካበ ነው። በእኛ በኩል ያለው ድንጋይ ጥቁርና ከባድ ነው፤ ያን ቀዩን እሳቸው ገና ወጣት ሳሉ ጥርባ ከሚባለው ቦታ እያመላለሱ እንዳመጡት አገር ያውቃል። ቀላል ነው፤ ሰውነቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት በተፈለገው መጠን ይሰበራል። ለስንጥቁ የሚሆን ድንጋይ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። እሑድ እሑድ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ በጓሯቸው በኩል እገባና ከአጥሩ ጀርባ፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ በቀርከሃ ቅርጫት እወስድ ነበር። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ እየሰገሰግሁ በመዶሻ እመታዋለሁ፤ በላዩ ጭቃ እለስንበታለሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ላዩ ተነሥቶ አገኘዋለሁ። ደግሜ እሞላዋለሁ። እሳቸው ሲያወጡ እኔ ስከት፣ ሳንነጋገር ሁለት በጋ ከረምን። በኋላ ፌሮው እንዳይደርስበት አድርጌ ወደ ታች ጠልቄ መሰግሰግ ጀመርሁ፤ ያኔ እሳቸው ተሸነፉ። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ አንዲት ሴት በጎቿን በሰላም አሻግራ፣ ይህን የደፈነ እጁ ይባረክ ስትል ሰማሁ። ሻሼ ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልሁ። እስከ ቤት ድረስ ፊቴ ይሞቀኝ ነበር።

ከዚያ የስንጥቁ ዳርና ዳር መፈረካከስ ጀመረ። ኮንክሪቱ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ተነሣ፤ መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ዱብ ዱብ ይላል። እኔ የአሮጌ ድልድይ ነገር ነው ብዬ ነበር።

ሠራተኞች የመጡት ካለፈው ዓመት በፊት በነበረው በጋ ነው። የመንገዱን ግማሽ ዘግተው፣ መኪናውን በባንዲራ ተራ በተራ እያሳለፉ፣ አሮጌውን አፍርሰው አዲስ ጎማ ሊያስገቡ ነው። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ድልድዩ ጥርሱን እያስነቀለ ነው ይሉና ይስቁ ነበር። ለቀን ሥራ ሴቶችም ይፈለጉ ነበርና ተመዘገብሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ክፍተቱን ማጽዳት ሆነ። እጄ ላይ ጓንት አደረጉልኝ፣ የታጠፈ ፌሮ ሰጡኝና የራሴን ድንጋይ እንዳወጣ አዘዙኝ።

አልወጣም አለ። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሲቆጣም ይቀልዳል። በመሮ ፈልፍሎ አንድ ቀይ ድንጋይ አወጣና ለሁሉም አሳየ።

«ድልድዩን ማን ነው እንዲህ ያጎረሰው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ በላይ የማፍረው በዚያች ሳቄ ነው።

ካቦው ግን ቀጥሎ ሥራውን አስረዳን። ስንጥቅ አይደለም፣ ጆይንት ይባላል አለ። ድልድዩ ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፣ ሲበርደው ያጥራል፤ ሲረዝም የሚሄድበት ቦታ ነው የተተወለት። ያ ቦታ በድንጋይ ከተሞላ ድልድዩ መሄጃ አጥቶ ድንጋዩን ይገፋል፣ ድንጋዩ መልሶ ኮንክሪቱን ይሰብራል። የተፈረካከሰውን ጠርዝ በመሮው ነካ ነካ እያደረገ አሳየን። እኔ ያየሁት ጠርዙን አልነበረም፤ ሁለት በጋ ሙሉ በመዶሻ ሲመታ የነበረውን እጄን ነበር።

ካቦው ድንጋዩን እያገላበጠ ቀና ሲል የጠባቂውን አጥር አየ። ድንጋዩን አየ፣ አጥሩን አየ። ጠባቂው መጥረጊያቸውን ይዘው እዚያው ቆመው ነበር።

«አባባ፣ ይህን ድንጋይ ያውቁታል?»

ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ዐውቀዋለሁ። የአጥሬ ነው።»

«እንዲያጸዱ ተቀጥረው አጥርዎን እያፈረሱ ያጎርሱታል?»

ሽማግሌው ድንጋዩን በመዳፋቸው እንደያዙ ቀና አሉ። በዙሪያው የቆምነውን ሁሉ አንድ ጊዜ ቃኙን። ዓይናቸው እኔ ላይ ቆየ ወይስ እንዲያው ለእኔ መሰለኝ፣ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ፌሮውን ክፍተቱ ውስጥ ከተትሁ።

ያን ቀን አልተናገርሁም። በማግሥቱ እናገራለሁ ብዬ ስሄድ ኮንክሪት የሚሰብረው ጃክ ሀመር ይጮኽ ስለነበር ማንም ማንንም አይሰማም፤ ለእኔ ተመቸኝ። ከዚያ ፌሮ የሚበይዱት መጡ፣ ከዚያ ኮንክሪቱ ተሞላ። የእኔ ሥራ ኮንክሪቱን በእርጥብ ኬሻ መሸፈንና እንዳይደርቅ ከወንዙ ውሃ እየቀዳሁ ማጠጣት ሆነ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቃሉን አዘጋጅቼ እወጣለሁ፤ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» የሚል ሦስት ቃል ብቻ። ጀሪካኑን ይዤ ካቦው አጠገብ ስደርስ ሦስቱም ይጠፉኛል። ውሃውን አፍስሼ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ እሱ ራሱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ልትይኝ ነው?» ብሎኝ ነበር። ውሃው ይበቃል ወይ አልሁት። ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ አመሰገነኝ።

ኢንጅነሩ ሊያይ ሲመጣ ካቦው ስለ ቀዩ ድንጋይ ነገረው። ብዙ አልተነጋገሩም። ጠባቂውን ጠርተው ሰደርያውን እንዲመልሱ ነገሯቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው አወለቁ፣ አጠፉት፣ በድልድዩ መከታ ላይ አስቀመጡት። ከሥር የለበሱት ሸሚዝ በፀሐይ ነጥቷል፤ ሰደርያው ሸፍኖት የቆየው ቦታ ብቻ ቀለሙ እንዳለ ነበር። ሰደርያውን ያወለቁ አይመስሉም ነበር። ፌሮውንና መጥረጊያውን አጠገቡ አቁመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የመንገዱ ሁለተኛው ግማሽ አልቆ፣ አዲሱ ጎማ ከዳር እስከ ዳር ገብቶ፣ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሊጭኑ ሲሉ ካቦው ጠራኝ። ሰደርያውን አነሣና፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ አለኝ። ለሌሎቹ ደግሞ እኔን እያሳየ፣ ዝምተኛ ናት፣ ሥራዋን ብቻ ነው የምታየው አላቸው። ዝምታዬ ተመሰገነ። በሁለት እጄ ተቀበልሁ፤ እጅ ነሣሁ።

ሰደርያውን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ድልድዩን ተሻገርሁ። ጠባቂው በጓሮ በኩል ነበሩ፤ እኔ የወሰድሁበትን የአጥሩን ጀርባ በጥቁር ድንጋይ እየካቡ ነበር። ቀዩ አልበቃቸውም። ድንጋይ ላቀብላቸው ጎንበስ አልሁ። አቀበልሁ፤ ተቀበሉኝ። ሦስት ወይ አራት ድንጋይ ከተቀባበልን በኋላ ነው ያ ቃል የወጣልኝ። መሬት መሬት እያየሁ፣ እርስዎ ቅዳሴ ሲሄዱ እየመጣሁ የወሰድሁት እኔ ነኝ፣ ስንጥቁንም የደፈንሁት እኔ ነኝ፣ ስለ አህያችን ነው አልኋቸው። ሰደርያውን ከብብቴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም። አልተቆጡም፤ አልደነገጡም። አንድ ነገር ተናገሩኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

የነገሩኝን ሰምቼ ወደ ድልድዩ ሮጥሁ። እስከ መኪናው ድረስ ሄጃለሁ። ካቦው ሸራውን በገመድ እያሰረ ነበር። «ምነው እኅቴ?» አለኝ። ከላይ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ወደ ታች አዩኝ። አፌን ከፈትሁ። በሰላም ግቡ አልሁ። አሜን አለኝና ወደ ጋቢና ወጣ። መኪናው በአዲሱ ጎማ ላይ ሲያልፍ ዱብ አላለም።

ይኸው ሰደርያውን ለብሼ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ይሰፋኛል፤ አላጠበብሁትም። ጎማው ላይ የሚጠራቀመውን አሸዋ በየቀኑ እጠርጋለሁ፤ አንዲት ጠጠር ባይ በጥፍሬም ቢሆን አወጣታለሁ። ያቺ ሴት በጎቿን እየነዳች ስትሻገር አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ድልድዩ ጸዳ ትለኛለች። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫት ይሠራሉ። በድልድዩ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ ለሁሉም ኮፍያቸውን አንሥተው ይመልሳሉ። እኔ እንደምን አደሩ ስላቸው ወደ ወንዙ ያያሉ። አጥራቸው ወደ ጓሮው በሚዞርበት ጥግ፣ ቀዩና ጥቁሩ ድንጋይ የሚገናኙበት ቦታ ከድልድዩ ሆኖ በግልጽ ይታያል።

ያን ዕለት ሰደርያውን ስዘረጋላቸው የያዙትን ድንጋይ መጀመሪያ ቦታው ላይ አስቀመጡ፤ እንዳይነቃነቅ በመዳፋቸው ጫን አሉት። ከዚያ ነው ቀና ብለው ያዩኝ።

«ለእኔማ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ልጄ፤ እኔ ከመጀመሪያውም ዐውቃለሁ፤ አንቺው ትናገሪ እንደሆነ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። የማያውቀው ካቦው ነው። ሂጂ፣ ገና አልሄደም።»