ሙያ በአፍ ነው

«ሙያ በልብ ነው» ያለ ሰው ታላቅ እህቴን አያውቃትም። የእሷ ሙያ አፍ ላይ ነው፤ ያውም የሁላችንም አፍ ላይ።

መንዳት የተማረችው በአጎታችን አሮጌ መኪና ነው። አጎታችን ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የፈጀ ሰው ስለሆነ ከጎኗ ተቀምጦ ያዛል። መሪ ነክታ የማታውቀው እናታችን ደግሞ ከኋላ ሆና እሱን ታርማለች። እኔ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ጋ ስንደርስ ዳቦ ልግዛ ብዬ አስቆማታለሁ፤ እዚያ የሚገኘው ሁልጊዜ ሁለት መኪና መሀል ያለ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ እየተንጫጫን እህቴ ጎበዝ ሹፌር ወጣት።

ፈተና ላይ ግን ሁለቴ ወደቀች። ፈታኙ ዝም፣ መኪናው ዝም፤ የምታውቀው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት የልጆቹን ሚኒባስ እንድትነዳ ሊሰጣት ቃል ገብቶ ነበር። አሁንም ከወደቀች ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው። ሥራውን እንዴት እንደምትመኘው ስለማውቅ አንጀቴን በላችው።

ሦስተኛው ፈተና ላይ እያወራች ብትነዳ ይከፋው እንደሆነ ፈታኙን ጠየቀችው። እንደፈለግሽ አላት።

ጀመረቻ። በአጎታችን ጎርናና ድምፅ «ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ማርሽ አስገቢ፣ ፍሬቻ የታለ?» ትላለች፤ ታደርገዋለች። መታጠፊያ ላይ በእናታችን ድምፅ «ኧረ ቀስ፣ ሰው እኮ ነው የጫንሽው» ትላለች፤ ቀስ ትላለች። ፈታኙ ከሳቁ ጋር ትግል ገጠመ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ታዲያ ማንም ሳያዛት፣ በእኔ ድምፅ «እዚህ ጋ አቁሚ፣ ዳቦ ልግዛ» ብላ ሁለት መኪና መሀል ቁጭ አደረገችው። የሠራችው ሥራ የገባት ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ነው። ይቅርታ ልትጠይቀው ዞረች።

ፈታኙ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጎማውን አየ።

«የማቆሙን ፈተና ቆይቼ ልሰጥሽ ነበር፤ በቃ፣ አልፈሻል» አላት። «ካቆምሽ አይቀር እኔም ዳቦ ልግዛ።»

ያን ቀን አጎታችንና እናታችን «እኔ ነኝ ያስተማርኳት»፣ «የለም፣ እኔ ነኝ» ሲባባሉ ዋሉ። እኔ መንዳት የማልችለው ምን አፍ አለኝ?

እህቴ አሁን የልጆቹን ሚኒባስ እንደዚያው እያወራች ትነዳለች። በቀደም መዋዕለ ሕፃናቱ ጎራ ብል ልጆቹ ወንበር ደርድረው ሹፌር ሹፌር ይጫወታሉ። አንዱ ፍሬቻ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ሰው መጫኗን ታስታውሳለች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ፍሬ የምታህል ልጅ ደግሞ ኮስተር ብላ «እዚህ ጋ አቁሚ፣ ዳቦ ልግዛ» አለች። ሹፌር የሆነችው ልጅ በሌለው መስታወት ኋላዋን አይታ፣ ጥግ ይዛ አቆመች።

በሩ ላይ ቆሜ በደስታ አጨበጨብኩ። መሪ ነክቼ አላውቅም። ግን እኔም አስተምሬያለሁ።