የፊደሏ ጠርዝ

አጎቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በብሩሽ ሲጽፉ ማስመሪያ ይዘው አያውቁም። የሚሠሩበት ሱቅ ኮምፒውተር ሲያስገባ ግን ባለቤቱ ቁርጡን ነገራቸው፦ «እስከ ዓርብ አንድ ሰሌዳ ማንም ሳይረዳዎት በኮምፒውተር ከሠሩ ይቀጥላሉ። ካልሆነ አዝናለሁ።» ማስተማሩ እኔ ላይ ወደቀ። ምን በድዬህ ነው ፈጣሪዬ!

ሰሌዳው የመነጽር ቤት ነው። ከኋላው ሰማያዊ መደብ፣ ከላዩ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ጠርዝ ብቻ ያላቸው ትልልቅ ፊደሎች። እንዲህ ያለ ፊደል የሚመረጠው ጠርዙን ሲጫኑት ነው። አጎቴ ግን መሃሉን ይጫናሉ። መሃሉ ባዶ ስለሆነ ከኋላ ያለው ሰማያዊ ይመረጣል፣ እሳቸው ይጎትታሉ፣ መደቡ በሙሉ ሸርተት ይላል። ሰማያዊውን እንዳይንቀሳቀስ ቆልፌላቸው ነበር እኮ! ቀለሙን ላስተካክል ብለው ይከፍቱታል፣ መልሰው መቆለፉን ይረሱታል።

«ጋሼ፣ ጠርዙን ይንኩ!»

«ፊደሉን እኮ ነው የነካሁት።»

«ሰማያዊውን ነው የነኩት!»

«ታዲያ ፊደሉ ውስጥ ሰማያዊው ምን ይሠራል?»

እስቲ ምን ይባላል? ሰኞ ሳቅሁ። ረቡዕ ጥርሴን ነከስኩ። ሐሙስ ጮህኩባቸው። ልጅ ሳለሁ እጄን ይዘው ፊደል ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። እኔ ግን ጮህኩባቸው።

ዓርብ ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የቀረው አንዲት ፊደል ትንሽ ወደ ግራ ማስጠጋት ነበር። አጎቴ ማውሱን እንደ ብሩሽ በሦስት ጣት ይዘው ቀስ፣ አሁንም ቀስ። አሁንም መሃሏን ሊጫኑ ነው ብዬ «ኧረ ይስጡኝ!» አልኩና ማውሱን ከእጃቸው ነጠቅኩ።

ባለቤቱ ማውሱን የያዘውን እጄን አየ። «በቃ፣ ገባኝ» ብሎ ወጣ።

«ጋሼ...» አልኩ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉና መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ስክሪኑን ያየሁት ያኔ ነው። ማውሱን ነጠቅኩ እንጂ ገና ምንም አልተጫንኩም ነበር። ፊደሏ፣ የተመረጠ ነገር እንደሚሆነው፣ ዙሪያዋን በትንንሽ ካሬዎች ተከባለች። ጠርዟን ነክተው በትክክል መርጠዋታል። የቀራቸው መጎተት ብቻ ነበር።