አልቅሳለች ወይ?

ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር መሰለኝ። ወይስ አሥራ ዘጠኝ? ማስታወሻዬ አሥራ ሁለት ይላል፤ ግን ማስታወሻዬንም ማመን ካቆምኩ ቆይቷል።

በዚያ ሰሞን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ተቀምጬ፣ ጨቅላ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ለሚያጠና ቡድን ቅጽ እሞላ ነበር። ካገላበጥኳቸው የጤና ጣቢያ መዝገቦች በአንዱ፣ ተወልደው የሞቱት በሦስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀንሰዋል፤ ሞተው የተወለዱት ደግሞ በዚያው ልክ ጨምረዋል። አለቆቼ በመጀመሪያው ቁጥር ተደሰቱ። ስለ ሁለተኛው የጠየቀ የለም። ተወልዶ የሞተ ሕፃን ስብሰባና ጥያቄ ያስከትላል፤ ሞቶ የተወለደ ምንም አያስከትልም።

ከይሪያ ለቅጹ ልትጠየቅ የመጣችው ያኔ ነው። የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኮምቦልቻ ወርዳ ፋብሪካ ገባች፤ ስድስት ዓመት ክር ስትፈትል ኖረች፣ ሆዷ ገፍቶም ቆማ። ለእርግዝና ክትትል የሄደችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ የጤና ጣቢያው ሰዓትና የእሷ ፈረቃ አልገጠሙም። ምጥ የያዛት ቀን ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ የለም ተብላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ግማሽ ቀን ቆየች። ልጅቷ እዚያው ተወለደች፤ አንዴ አለቀሰች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ወረቀቱ ላይ «ሞታ የተወለደች» ተብሎ ተጻፈ።

እናትየው ገና ከአልጋ ሳትነሳ፣ የባሏ አባት ሬሳውን ኩታበር አደረሱ። የመንደሩ ሼህ መጀመሪያ የጠየቁት «አልቅሳለች ወይ?» ብለው ነው። በእነሱ ዘንድ ድምፅ ያሰማ ሕፃን ስም ይወጣለታል፣ ታጥቦ ተከፍኖ ይሰገድበታል። ሽማግሌው ወረቀቱን አሳዩ። ልጅቷ ሳይሰገድባት ተቀበረች።

ከይሪያ ስታገግም ሼሁ ዘንድ ሄደች። ማልቀሷን የሚያረጋግጥ ወረቀት ካመጣሽ መቃብሯ ላይ እንሰግዳለን አሏት። አዋላጇን ለመነቻት። አዋላጇ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያ ልቅሶ ሳይሆን አየር ነው፣ ሪፖርቱም ተልኳል አለቻት።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሀል አንዲት ክር ስትበጠስ የምሰማ ሰው ነኝ። የልጄን ድምፅ ከአየር አልለይም?»

ቅጼ ላይም ጥያቄው አለ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ አልቅሷል? «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እጄን ትከታተል ነበር።

«በሉ ይችን ይስጡኛ።»

ለጥናት ብቻ እንደሆነ፣ ማኅተም እንደሌለው፣ ምስጢር ስለሆነ ለማንም እንደማይሰጥ አስረዳኋት። ስናገር ልክ እንደ አለቆቼ ነበር።

«ምስጢሩ የማን ነው? የእኔ አይደል እንዴ?»

ቅጹን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«የእኔ ልጅ እኮ ለእርስዎ ጥናት ብላ አይደለም ያለቀሰችው» አለችና ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ፈረቃዋ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ደግሞ አይጠብቃትም።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አየሁት። ክብደት ይጠይቃል፣ የምጡን ሰዓት ይጠይቃል፤ ስም የሚል ቦታ የለውም። ማን ልትላት አስባ እንደነበር ልጠይቃት ብድግ ብዬ ስወጣ፣ ከይሪያ ደረጃውን ወርዳ ሄዳለች።