የሰባ ሁለት ኪሎ በር

ያለ ሚዛን በመመዘን ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ የሚስተካከለኝ የለም። ዝሆን አምጡልኝ፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ለክቼ ኪሎውን እነግራችኋለሁ። ይህን ጉራ መስቀል ሲቃረብ፣ ሰዉ ሁሉ ወደየአገሩ ሊገባ በሚጋፋበት መናኸሪያ መሀል ነዛሁት። ብዙም አልቆየልኝ።

ብየዳ ቤት አለኝ። ለእናቴ የግቢ በር ሠርቼ አገራችን ቸሃ ልወስድላት ነበር። የእንጨቱ በር ከወደቀ ወዲህ የጎረቤት ከብት እየገባ እንሰቷን ጨርሶባታል። «ልጄ ብረት ሠሪ ነው ብዬ ለማን ላውራ?» እያለች ከርማለች። ምሰሶውን ቀድሜ ተክዬላት፣ «የመስቀል እንግዳ በአዲሱ በር ነው የሚገባው» ብዬ ምያለሁ።

የሚኒባሱ ሹፌር በሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ አይጫንም። ባለፈው ጣሪያው ላይ አልጋ ጭኜ ፖርቶመጋላዬ ጎብጧል። ከሰማንያ ኪሎ በላይ ወላሂ አልነካም።»

«ሰማንያ አይሞላም!»

«በምን መዘኑት?»

«በጭንቅላቴ!»

ጠመኔዬን አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። የበሩ ላሜራ ቁመቱ ሁለት መቶ ሴንቲሜትር፣ ወርዱም ሁለት መቶ፤ ውፍረቱ አንድ ነጥብ አምስት። ሦስቱን አባዛሁ። የብረት እፍግታ፣ ማለትም የአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት ክብደት፣ ሰባት ነጥብ ሰማንያ አምስት ግራም ነው። በሱ አባዛሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦

«አራት መቶ ሰባ አንድ ኪሎ!»

የመናኸሪያው ሳቅ ሆሳዕና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አጠገቤ ሙዝ የምትሸጠው ሴት፣ «ውይ ጋሼ፣ ለእናትዎ ታንክ ነው እንዴ የሠሩላቸው?» አለች።

እኛ ብየዳ ቤት የላሜራን ውፍረት የምንጠራው በሚሊሜትር ነው። ዕድሜ ልኬን «ባለ አንድ ነጥብ አምስት» ስል ኖሬ፣ ያንኑ ከሴንቲሜትሩ ጎን ጻፍሁት። ወደ ሴንቲሜትር መልሼ ዜሮ ነጥብ አሥራ አምስት ብዬ ሳስተካክል አርባ ሰባት ኪሎ ወጣ። የፍሬሙ ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ አየሩን ትቼ ዙሪያውን ያለውን ብረት ብቻ አሰላሁ፤ ሃያ ሁለት። ማጠፊያና መቀርቀሪያ ሦስት። ድምር ሰባ ሁለት።

«ቅድም አራት መቶ፣ አሁን ሰባ ሁለት» አለ ሹፌሩ። «ትንሽ ብንቆይ እኮ ነፋስ ይወስደዋል።»

«ሳቁ!» አልሁ ተነስቼ። «የተሳሳተው የነጥቧ ቦታ ነው፤ ሒሳቡ አይደለም። ብረት እናንተ ስለሳቃችሁበት አይከብድም! ይህ በር ካልተጫነ መውጫው ላይ ገትሬው መስቀልን ሁላችንም እዚሁ እናከብራለን! በአንድ ጫፍ ያዝና ሞክረው!»

ሹፌሩ ሊያዋርደኝ ይመስላል፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ያዘ። እኔ በሌላው ጫፍ። በሩ ብድግ!

«ወላሂ፣ ሰባም አይሞላም» አለ።

ሙዝ ሻጯን ቁልቁል አየኋት። ጀግና እንዲህ ነው የሚያየው። በሩ በገመድ ተጠፍሮ ታሰረ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ገባሁና የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሚኒባሱ ወደ ኔ በኩል ዘመም አለ።

ሹፌሩ ዞሮ መጥቶ ጎማውን አየ።

«ጋሼ፣ ይውረዱ።»

«ሒሳቡ ልክ ነው ብለሃል እኮ!»

«የበሩ ልክ ነው። ጎማው የተጨነቀው በእርስዎ ነው። ስንት ኪሎ ነዎት?»

«ሰው እንደ ብረት አይሰላም!»

«ጋሼ፣ ጠመኔው የት ሄደ?» አለች ሙዝ ሻጯ።

«ወይ በሩ ይወርዳል ወይ እርስዎ» አለ ሹፌሩ።

እንሰቱን አሰብሁ። ወረድሁ። የእናቴን ስልክ ቁጥር ለሹፌሩ ሰጠሁትና በሩ ያለ እኔ ሄደ።

ማምሻውን ደወለች። «ልጄ፣ በሩ ደረሰ! ጎረቤት ተሰብስቦ አቆመልኝ፤ ላሚቱ ውጭ ቆማ ታፈጣለች። አንተስ የት ቀረህ?»

«መኪናው ሞልቶ» አልኋት።

መኪናው አልሞላም ነበር። እኔ መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ነኝ፤ ከብረት በሩ በአርባ ዘጠኝ እበልጣለሁ።