ፓምፗ ላይ የተቀባው ቀይ ኤክስ

ይችን ስሙኝማ፤ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ።

እኛ ሰፈር፣ ከሸሕዲ ወደ መተማ ሲወረድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንዲት የእጅ ፓምፕ አለች። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከሷ ነው። ወንዙማ ሰውም ከብትም ይገባበታል፤ በጋ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ይለብሳል፣ እግርህን ስታነሳ አብሮህ ይነሳል። ከፓምፗ በላይ የሽንኩርት ማሳ አለ። እኔ እዚያ ነበር የምሠራው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ከወረወርኩ ወዲህ ዩሪያ ማዳበሪያ መበተን የኔ ሥራ ነበር። አሠሪዬ ሽንኩርቱ ቶሎ እንዲወፍር ጨምር ይለኛል፣ እጨምራለሁ። ውሃ እንለቅበታለን፣ ነጩ ፍሬ ይሟሟል፣ ይጠፋል። የት እንደሚሄድ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። መሬት ዋጠው፣ አለቀ።

እህቴ የሦስት ወር ሴት ልጅ አለቻት። ባሏ ያን ሰሞን አብደራፊ ማሽላ ቆረጣ ሄዷል። ጡቷ እምቢ ስላላት ልጅቷን የምታሳድጋት በዱቄት ወተት ነው። የምትበጠብጥበት ውሃ ደግሞ የፓምፗ።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በመኪና መጡ። በትንንሽ ጠርሙስ ውሃ ቀዱ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው የቀለም ቆርቆሮ ከፈቱና ፓምፗ አንገት ላይ ቀይ ኤክስ ቀቡ። እህቴ ጀሪካኗን ይዛ ወረፋ ላይ ነበረች። ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ለአስተዳደር ይገለጻል፣ እህት» አላት አንዱ፣ ብሩሹን እየጠረገ።

እኛ ደግሞ ቀይ ኤክስ የምናውቀው ከቤት ነው። መንገድ ሊሰፋ ሲል ግድግዳህ ላይ ኤክስ ይቀቡብሃል፣ ቀጥሎ ዶዘር ይመጣል። ስለዚህ ሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ ገባው፤ ፓምፗን ሊነቅሏት ነው። ባለ ሱቁ ሐጂ እንኳ፣ ዕድሜ ልካቸውን ድንበር ላይ ሲነግዱ ያላዩት ነገር የሌለ ሰው፣ ሳይነቅሏት ቅዱ ልጆቼ አሉን። የተገኘ በርሜል ሁሉ ተሞላ። ከወሎ ለቆረጣ የመጡት የቀን ሠራተኞች በፌስታል ሳይቀር ቀድተው ቋጠሩ። እኔም ክንዴ እስኪዝል ገፍቼ ለእህቴ ሁለት በርሜል ሞላሁላት። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለችኝ። ኮራሁ።

እህቴ ሞኝ አይደለችም። ውሃው በርሜል ውስጥ ሲከርም ጊዜ አፈላችው። ስለ ጤና ሊያስተምሩን የሚመጡት ሁሉ አፍሉ አይደል የሚሉት? እሷ ደግሞ ለልጇ ብላ ግማሽ እስኪሆን ታፈላዋለች።

ከዕለታት በኋላ ልጅቷ ማልቀስ ተወች። ለቅሶዋ ያሰለቸኝ ልጅ ዝም ስትል መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ። እህቴ ሙቀቱ ነው አለች፣ ጎረቤቱ ምች ነው አለ። በር ላይ አውጥቼ በፀሐይ ሳያት ከንፈሯ ጠቁሮ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መስሏል። ጥፍሯም። እህቴን ተነሺ አልኳት፣ በባጃጅ ሸሕዲ ገባን። መንገዱን ሙሉ ነጂውን ስሰድበው ነበር፤ ምስኪን፣ ምን አጠፋ?

ነርሷ ኦክስጅን ሰካችላት፣ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«ወተቱን በምን ውሃ ነው የምትበጠብጡት?»

«በፓምፕ ውሃ። ግን አፍልቼ ነው» አለች እህቴ፣ ሳትፈራ።

ነርሷ ነገረችን። ማዳበሪያ የሰረገበት ውሃ የሕፃን ደም አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። ሲፈላ ውሃው ይተናል እንጂ ማዳበሪያው እዚያው ነው፤ እንዲያውም ይጠነክራል። እህቴ ድስቷን አሰበች፣ እኔ ዩሪያዬን። ቀና ብለን መተያየት አልቻልንም።

ልጅቷ ተረፈች። ሐጂ ካርቶን ሙሉ የታሸገ ውሃ ሰጡን፤ ቅዱ ያልኩት እኔ ነኝ እያሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ማሳው አልተመለስኩም፤ ያው ሌላው ይበትናል። ግን አላስቻለኝም። ቀበሌ ሄድኩና ሊቀ መንበሩን ስለ ፓምፗ የመጣ ወረቀት የለም ወይ አልኳቸው። መሳቢያ ከፈቱ፣ አወጡት። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሆንም ይላል፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ።

«ስብሰባ ሲጠራ ሊነበብ ነበር» አሉኝ።

«አንቱ፣ ስብሰባው መቼ ነው?»

«ሰው ከቆረጣ ሲመለስ።»

ወጥቼ ከሰል ፈለግሁ። ከኤክሱ ሥር፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቴ፣ «ለሕፃን አትስጡ። ማፍላትም አያድነውም» ብዬ ጻፍኩ። ውሃ ባጠበው ቁጥር ሄጄ እደግመዋለሁ።

እናንተ ቀለም ይዛችሁ የመጣችሁት፣ እህቴ እኮ ክንዳችሁ ሥር ቆማ ጠይቃችኋለች። ለብረቱ የነገራችሁትን ለሷ መንገር ምን ከበዳችሁ?