የአያ ደሴ ፍግ

በመንገድ ሥራ ላብራቶሪ የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ አንዲት ቢጫ ሳጥን አሳየኝና፣ «ከዚህች ጋር ምሳ አይበላም፣ ተደግፈዋትም አያወሩም» አለኝ። ሳጥኗ የተጠቀጠቀ አፈር ምን ያህል እንደጠበቀ በጨረር የምትለካ መሣሪያ ናት። ዓመታት ተሸክሜያታለሁ። ከባሌ ይልቅ እሷን ስጠብቅ ኖርኩ ብል ውሸት አይሆንም።

ጉዱ የመጣው ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ በምንሠራው መንገድ ላይ ነው። አፈር የሚጠቀጥቀው ሮለር ወደ ኋላ ሲመለስ ሳጥኗን ደፈጠጣት። ውስጧ የነበረው አሜሪሲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ዱቄት አያ ደሴ የሚባሉ አዛውንት የገብስ ማሳ ጫፍ ላይ ተበተነ። ሰው አልተጎዳም። ገመድ አዞርን፣ ዘበኛ አቆምን፣ የሚያነሣውን ቡድን መጠበቅ ያዝን። ከማሳው በታች ግን መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ አለ።

አለቃዬ ነገር ማሳጠር ይወዳል። አያ ደሴን፣ «መሬቱ ታሟል፤ እንዳይነኩት» ብሏቸው ሄደ።

ሌላ ሳይት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ክው አልኩ። ገመዱ ውስጥ ጥቁር ፍግ ተነስንሷል፣ ዝናብም ተመላልሶበታል።

«አያ ደሴ፣ ምን አደረጉ?»

«ታሟል አላላችሁም? የታመመ መሬት ታዲያ በምን ይድናል? ደቦ ጠራሁ። ደግሞ አልነካነውም፣ ውጪ ቆመን በላይዳ ነው የወረወርንበት።»

ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። ለካ እሱም አንድ ቁና አዋጥቷል!

ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ያ ዱቄት ብቻውን ሲሆን አፈሩን እንደ መዥገር ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ቢዘንብም ብዙ አይሄድም። ከበሰበሰ ፍግ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ግን ኦርጋኒክ አሲድ አለበት። ከአፈሩ ያላቅቀውና ይዞት ይወርዳል።

አያ ደሴ ወደ ምንጩ ዞረው አዩ። «የሰው ልጅ በእጄ ልፈጅ ነው?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ለአለቃዬ ደወልኩ። «እኔ አትንኩ ብያለሁ» አለ።

«እነሱም አልነኩም» አልኩት።

ምንጩን ዘጋን፤ ለመንደሩ ውሃ በቦቴ መጣ። ቡድኑ ደርሶ አፈሩን ንብርብር በንብርብር እያነሣ ለካ። ፍግ ባልደረሰበት ጥግ ጨረሩ ከላይኛው አፈር አላለፈም። ከፍጉ ሥር ግን አራት ጣት ያህል ወርዶ አገኘነው። ከዚያ አልፈን ቆፈርን፣ አፈሩን ከነፍጉ በርሜል ውስጥ አሽገን ጫንን።

የምንጩ ውሃ ውጤት ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ሮጬ ነገርኳቸው። አያ ደሴ አማተቡ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔውኑ ፍግ አታድርጉበት ብትሉን ምን ነበረበት?»

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄያቸውን ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ባጠርኩት ቦታ ሁሉ «አትንኩ» ብቻ ብዬ አልሄድም። ፍግ አትበትኑ፣ አመድ አትነስንሱ፣ የሳሙና ውሃ አትድፉ እላለሁ። ገበሬ መሬቱ ታመመ እየተባለ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።