ውሃ የማይነካው የውቅያኖስ ሊቅ

ጁባ ውስጥ በአንድ የረድኤት ድርጅት የጎርፍ ትንበያ እሠራ ነበር። የዚህ አገር ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ ጋር ስለሚያያዝ፣ እየቆየሁ ስሄድ ሐሳቤ ከወንዙ ወደ ውቅያኖሱ ዞረ። በዚያው ዶክትሬቴን ለመሥራት ዕድል ስፈልግ ነው ሰውዬው የመጣው።

የአገሬ ልጅ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የውቅያኖስ ፊዚክስ ያስተምራል። አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሊመለምል መጥቶ ናይል ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። ከስላይዶቹ ግማሾቹ የራሱ ፎቶዎች ነበሩ፤ መርከብ ላይ፣ መድረክ ላይ፣ ከሚኒስትር ጎን።

ጥያቄ ሲፈቀድ እጄን አወጣሁ።

«ተማሪው የምርምር መርከቡ ላይ የሚወጣው መቼ ነው?»

ፈገግ አለ። «የመርከቡ ቦታ እዚያ ላሉት ተማሪዎቻችን ነው። የዚህኛው ጥቅሙ እዚህ መሆኑ ነው። ወንዙን እየለካ ይልክልናል።»

«ጽሑፉንስ ማን ይጽፋል?»

«በቡድን ነዋ!»

እንዲህ ያለውን ቡድን አውቀዋለሁ። አንዱ ጭቃ ውስጥ ይቆማል፣ ሌላው ስሙን ከላይ ይጽፋል።

በማግስቱ ጎርፍ ማየት አማረው፤ አለቃዬም አብሬው እንድሄድ አዘዘችኝ። ድልድዩን ተሻግረን ከናይል ማዶ ያለው ጉምቦ ሰፈር ገባን። ውሃው ቤቶቹ ደጃፍ ደርሷል። እሱ ከመኪናው አልወረደም፤ ለጫማው ሳስቷል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፍራሽዋን ወደ ደረቅ ቦታ በምታሸሽ ሴት ላይ ስልኩን ደገነ።

«ትንሽ ወደ ውሃው ግቢ በያት፤ እዚህ ጋ ጥልቀቱ አይታይም።»

አላልኳትም። ሴትዮዋ ራሷ ቀና ብላ ምን እንደሚፈልግ በጁባ ዓረብኛ ጠየቀችኝ። ባሕር የሚያጠና ሰው ነው አልኳት። እነሱ ወንዙንም «ባሐር» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ በአገጯ ወደ ናይል ጠቁማ፣ ያውልህ አለችው። ስተረጉምለት ተቆጣ።

«ይሄ እኮ ወንዝ ነው! ባሕር ሌላ ነው፤ ንገሪያት እንጂ!»

ቤቷ ውሃ እየገባ ሴትዮዋን ቃል ሊያርማት! «ወርደው ይንገሯት» አልኩት። መስኮቱን ዘጋ።

ስንመለስ በሽምግልና ድምፅ፣ «እህቴ፣ ባታማርጪ ጥሩ ነው። ጁባ ድረስ ስንት ዕድል ይመጣልሻል?» አለኝ።

«እርስዎ ያመጡት እኮ የመለካት ሥራ ነው። እሱን አሁንም እሠራዋለሁ፣ ያውም በደመወዝ።»



ቦታውን አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ወሰደው። እስከ ዛሬ ይለካል፣ ይልካል፤ መርከብ ግን በፎቶ ነው የሚያውቀው። እኔ ሌላ ቦታ አመለከትኩ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ መልስ እንኳ ነፈገኝ። ሌላው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ባሕር ላይ ያጥወለውልሻል?» ብላ ነው።

«ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው አብረን እናየዋለን» አለች። ተቀበለችኝ።

ወሬው ደርሶት ሰውዬው መልእክት ላከልኝ። ያን ጊዜ የሰጠኝ ማበረታቻ ፍሬ በማፍራቱ ኮርቷል። ከሥሩ ደግሞ፣ የጉምቦ የውሃ ልኬት እጄ ላይ ካለ ለሚጽፈው ነገር ስለሚያስፈልገው ቶሎ እንድልክለት ጠይቋል። ሳልመልስለት አጠፋሁትና ሻንጣዬን ማሰናዳት ቀጠልኩ።